ኮይልኦቨር ከመግዛታችሁ በፊት ደንገጎን አስቡ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የመኪና አምዳችሁን ከድሬዳዋ ሆኜ አዘውትሬ አነባለሁ። ሰሞኑን ስለ አሮጌ ፈጣን መኪኖችና ስለ ኮይልኦቨር፣ ማለትም ከፍታው ስለሚስተካከለው የሞላና የሾክ ስብስብ፣ ያወጣችሁት ጽሑፍ ግን አናደደኝ። የተጻፈው ውሸት ነው አልልም፤ ግማሹ ቀርቷል። መኪናው ዝቅ ይበል፣ ሞላው ጠንከር ይበል፣ የሾኩ ጥንካሬ ማስተካከያ ብዙ ክሊክ፣ ማለትም ብዙ ደረጃ፣ ይኑረው ተባለና አለቀ። አቦ፣ ለየትኛው መንገድ? ጸሐፊው ምናልባት ለጥ ባለ አስፋልት ላይ ነው የሚነዱት። እኛ እዚህ ደንገጎ፣ ወደ ሐረር የሚወጣው ጠመዝማዛ ዳገት፣ አለብን።

እኔ ሳቢያን ውስጥ ትንሽ ጋራዥ አለኝ። ብዙ ጊዜ የሚመጣልኝ ቢኤምደብሊው ኢ36 ነው፤ በተለይ 325አይ፣ ባለ 6 ሲሊንደሩ፣ 2.5 ሊትር፣ 192 የፈረስ ጉልበት ያለው። ዛሬ በዕድሜ ትንሹ እንኳ ከ25 ዓመት በላይ ሆኖታል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለው ሰው አይሸጠውም፣ የሌለው እየዞረ ይፈልገዋል። ስለዚህ ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ሰዎች ብዙ ብር አውጥተው፣ ውጭ አገር ባለ ዘመድ በኩል ዕቃ እያስመጡ ነው።

ኮይልኦቨር ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ ባንድ ላይ የሆኑበት ዕቃ ነው። የሾኩ ገላ ላይ ጥርስ አለ፣ የሞላው መቀመጫ በጥርሱ ላይ እየዞረ ከፍና ዝቅ ይላል። ነገሩ ይኸው ነው። ልጆቹ የሚገዙት ግን ለዚያ ሳይሆን ማታ ከዚራ ሰፈር ጎማውና መከላከያው ተጣብቆ እንዲታይላቸው ነው። አልፈርድባቸውም፣ ያምራል። ግን በማግስቱ ሐረር መሄድ አለ።

እስቲ ቁጥሩን እንሥራው። ኢ36 ወደ 1,400 ኪሎ ይመዝናል፤ ክብደቱ ከፊትና ከኋላ እኩል ለመካፈል የቀረበ ነው። ጎማውን፣ ቸርኬውንና ፍሬኑን ስትቀንሱ አንዱ የፊት ሞላ የሚሸከመው 320 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ገበያ ላይ ከሚገኙት ርካሽ ኮይልኦቨሮች ብዙዎቹ የፊት ሞላቸው 8 ኪሎ በሚሊሜትር ነው። አንድ ሚሊሜትር ለመጨመቅ 8 ኪሎ ይፈልጋል ማለት ነው። 320ን ለ8 አካፍሉት፤ 40 ሚሊሜትር ይመጣል። መኪናው ቆሞ እያለ ሞላው የተጨመቀው 4 ሳንቲም ብቻ ነው። ስለዚህ ጎማው ከ4 ሳንቲም የጠለቀ ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች የሚገፋው ነገር የለም፣ አየር ላይ ይቀራል። አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ መሪም ፍሬንም አይሰማም። ሞላው 4 ኪሎ ቢሆን ግን 8 ሳንቲም ድረስ መሬቱን ይከተላል። የፋብሪካው ሞላ እንዲያውም ከዚህም የለሰለሰ ነው። ከድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ተነስታችሁ ሐረር 1,850 ገደማ እስክትደርሱ፣ ኩርባው ላይ ከአወዳይ የሚመጣው የጫት መኪና እየበረረ ሲመጣባችሁና ጠርዙ ላይ የተሰነጠቀ አስፋልት ሲያጋጥማችሁ፣ ያቺ 4 ሳንቲም ምን ያህል ትንሽ እንደሆነች ይገባችኋል።

ወደ ላይም ችግር አለ። አንዳንዱ ኮይልኦቨር ከፍታው የሚስተካከለው የሞላውን መቀመጫ በማዞር ብቻ ነው። ዝቅ ባደረጋችሁት ቁጥር ሾኩ የሚገባበት ቦታ ይቀንሳል፣ መጨረሻ ላይ ያለችውን የማቆሚያ ላስቲክ ይመታል፣ መኪናውም እንደ ፍየል ይዘላል። ሌላው ዓይነት ከታች ያለው ማሰሪያ ራሱ የሚዞር ነው፤ የሾኩን ውስጣዊ ጉዞ ሳይነካ ርዝመቱን ይቀይራል። ሻጩን መጀመሪያ መጠየቅ ያለባችሁ ይህን ነው። ክሊኩን ተዉት። 32 ክሊክ አለው ይላችኋል፤ ብዙ ጊዜ አንዷ መዘውር የመጨመቁንም የመመለሱንም ጥንካሬ አንድ ላይ ነው የምትቀይረው። ሞላው ሲጨመቅ ለስላሳ፣ ሲመለስ ጠንካራ ላድርገው ብትሉ አትችሉም።

የኢ36 ፊት ማክፈርሰን ነው፤ ሾኩ ራሱ ጎማውን የሚይዝ ምሰሶ የሆነበት አሠራር። ብዙ ዝቅ ሲል የታችኛው ክንድ ወደ ላይ ያዘነብላል። ያኔ መኪናው ኩርባ ላይ የሚጋደልበት ማዕከል ከክብደቱ ማዕከል በበለጠ ይወርዳል፤ ዝቅ ብሎ እያለ የመጋደል ፍላጎቱ ይጨምራል ማለት ነው። ያንን ለመያዝ ደግሞ ሌላ ጠንካራ ሞላ ይገባል። ከዚያ ጉብታ በነካ ቁጥር መሪው በራሱ ይጎትታል። ዝቅ ማድረግ ካለባችሁ ከ2 እስከ 3 ሳንቲም በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ፎቶ ለመነሳት ነው።

የኋላውን ግን ማንም አያነሳውም፣ ጽሑፋችሁም አላነሳውም። የኢ36 የኋላ ሞላ ከፋብሪካው ሲወጣ ከሾኩ ተለይቶ ለብቻው ነው የተቀመጠው። ሾኩ ከላይ የሚታሰርበት ቆርቆሮ የሾኩን ግፊት እንዲችል እንጂ የመኪናውን ክብደት እንዲሸከም አልተሠራም። ሞላውን ሾኩ ላይ የሚያመጣ ዕቃ ስትገጥሙ ክብደቱ ሁሉ እዚያ ቆርቆሮ ላይ ይወድቃል። አሁኑኑ ሄዳችሁ እዩት። የኋላ ሻንጣውን ክፈቱ፣ የጎን ምንጣፉን ግለጡ፣ በባትሪ ብርሃን የሾኩን ሁለት ዳዶዎች ዙሪያ ተመልከቱ። ቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ካለና ከመስመሩ ጫፍ ቡናማ የዝገት ዱቄት ከወጣ ቆርቆሮው መሰንጠቅ ጀምሯል። ብየዳና ማጠናከሪያ ሳህን ያስፈልገዋል። ኋላውን ሞላውም ሾኩም በየቦታቸው እንደ ፋብሪካው የሚቀመጡበት ስብስብ መግዛት ይሻላል፤ አለ፣ ይሸጣል።

አቧራውንስ? ደቻቱ ወንዝ አካባቢ ጎርፍ ካለፈ በኋላ መንገዱ ላይ የሚቀረውን አሸዋ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አሸዋው የሾኩ ጥርስ ውስጥ ይገባል፣ ከግራሶ ጋር ይደርቃል፣ ከዚያ የሞላው መቀመጫ ቀለበት አይዞርም። በመሮና በመዶሻ የተመታ ቀለበት ያለው ኮይልኦቨር ጋራዤ ብዙ ጊዜ ገብቷል፤ ከፍታው ይስተካከላል ተብሎ ተገዝቶ አንድ ቦታ ላይ የተጣበቀ። ስለዚህ ገላው የማይዝግ ብረት ቢሆን ይመረጣል፤ ኬደብሊው የተባለው ኩባንያ የሚሠራው እንደዚያ ነው። ከላይ በኩል ደግሞ ጎማ ያለበትን ማሰሪያ ምረጡ። የብረት ኳስ ያለበት ለውድድር ጥሩ ነው፣ በእኛ አቧራ ግን ቶሎ ይላላና መንኳኳት ይጀምራል። ባለ አንድ ቱቦ ሾክ ሙቀትን በደንብ ይችላል፣ ለድሬ ይስማማል፤ ገላው በድንጋይ ከተመታና ከጎደጎደ ግን ፒስተኑ የሚሄደው በዚያው ግድግዳ ላይ ስለሆነ አለቀለት። ባለ ሁለት ቱቦው ድንጋይ ይታገሣል። ሁለቱንም የሚያሟላ የለም፣ የምትነዱበትን መንገድ አይታችሁ ነው።

ሐረር ያሉትን ፔጆ 404ዎች እዩ እስቲ። መኪናው የወጣው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው፣ ዛሬም ታክሲ ሆኖ የሚሠራ አለ። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 እ.ኤ.አ. አሸንፏል። ያሸነፈው ዝቅ ብሎ መሰላችሁ? ለስላሳና ረጅም ጉዞ ያለው ሞላ፣ የሞላውን ልክ የሚያውቅ ሾክ ነበረው። የጀጎል ሹፌሮች ስለ ክሊክ ሰምተውም አያውቁ።

ታዲያ ምን ይገዛ? አብዛኛው ሰው ኮይልኦቨር አያስፈልገውም። ጥሩ የፋብሪካ ሞላ ከቢልስታይን ቢ6 ሾክ ጋር አስገቡ፣ ትንሽ ዝቅ ማለት ከፈለጋችሁ አጠር ካለ ሞላ ጋር ቢ8ን። የኮኒ ቢጫው ሾክም ጥሩ ነው፣ የመመለሱ ጥንካሬ ይስተካከላል። ግድ ኮይልኦቨር ካላችሁ ኬደብሊው ቫሪያንት 1 ከፍታው ብቻ ይስተካከላል፣ 2 መመለሱንም ይጨምራል፣ 3 መጨመቁንም። ለእኛ መንገድ 1 ወይም 2 ይበቃል። ከሁሉም በላይ ሾኩ ተፈትቶ ማኅተሙና ዘይቱ ለብቻው የሚቀየር መሆኑን፣ መለዋወጫውም ለብቻው የሚሸጥ መሆኑን አረጋግጡ። ዘይት ባፈሰሰ ቁጥር ሙሉውን ስብስብ ባዲስ ዶላር ማስመጣት አይታሰብም።

ከዚያ በፊት ግን ጎሚኒዎቹን፣ በክንዶቹ መጋጠሚያ ላይ ያሉትን ላስቲኮች፣ ቀይሩ። የፊት ክንዱን የኋላ ጎሚኒ፣ የኋላውን ረጅም ክንድ ጎሚኒ፣ ቴስቲናውን ማለትም የኳስ መጋጠሚያውን። በ25 ዓመት ውስጥ ደርቀው ተሰንጥቀዋል። መኪናው የሚዋልለው ብዙ ጊዜ በነሱ ነው፣ ዋጋቸውም ከኮይልኦቨሩ ጋር አይወዳደርም። አንድ ደንበኛዬ ኮይልኦቨር ሊያስገጥም መጥቶ ጎሚኒ ብቻ ቀይሮ ሄደ፤ ኮይልኦቨሩን እስካሁን ከካርቶኑ አላወጣውም። ከማንኛውም ሥራ በኋላ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) አስደርጉ፤ ካልሆነ የጎማው የውስጥ ጠርዝ ነው የሚበላው፣ ከውጭ ስታዩት አዲስ ይመስላችኋል።

ለአምዱ አዘጋጅ የምለው አንድ ነገር አለኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ አንድ ኮይልኦቨር ስትጽፉ የፊትና የኋላ ሞላውን ጥንካሬ በቁጥር፣ የሾኩን ጉዞ በሚሊሜትር፣ መለዋወጫ ይገኝለት እንደሆነም አብራችሁ አውጡልን። እነዚህ ከተጻፉ ስሌቱን እኛው እንሠራዋለን።

አክባሪያችሁ፣
ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ