ከመፈረምህ በፊት

ማሙሽዬ፣

ትናንት ስልኩን ከዘጋን በኋላ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። «የጨዋታ ስቱዲዮአችንን የሚገዛ መጣ» ስትለኝ እልል ማለት ሲገባኝ ዝም አልኩህ። ቅር እንዳይልህ። በስልክ ሐሳቤ አይሰበሰብልኝም፤ ለዚህ ነው የምጽፍልህ።

ማይንክራፍት የሚባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ቤታችን የገባ ሰሞን አሥራ አንድ ዓመትህ ነበር። አንድ ማታ ከሥራ ስገባ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሩን ዘርግተህ የአያትህን ጎጆ ስትሠራ አገኘሁህ። «እማዬ፣ ክዳኑ ክብ አልሆን አለኝ፤ ሁሉም ነገር አራት ማዕዘን ነው» አልከኝ፣ እንባህ ቀርሮ። ጥግ ጥጉን እየቀነስክ፣ ወደ ላይ እያጠበብክ ሌሊቱን አጋመስከው። ራቅ ብለን ስናየው ክብ መሰለ። ልጄ ምን እንደሚሆን ያወቅኩት የዚያን ሌሊት ነው።

ያ ጨዋታ የተወለደው እዚሁ ስቶክሆልም ነው። ማርኩስ ፔርሶን በፈረንጆቹ 2009 ብቻውን ጀመረው፤ ገና ሳያልቅ ይሸጠው ነበር። ከያኮብ ፖርሴርና ከካርል ማኔ ጋር ሆነው ጨዋታውን የሚሠራውን ኩባንያ፣ ሞያንግን፣ አሳደጉት። በ2014 ማይክሮሶፍት በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛው ሠራተኞቹ 40 ገደማ ብቻ ነበሩ። ሦስቱም መሥራቾች ወጡ። ፔርሶን የሸጠው ለገንዘብ ሳይሆን ለአእምሮው ጤና ብሎ እንደሆነ ያኔ ጽፏል፤ እኔም አምነዋለሁ። የማያውቁት ሰዎች ቀን ከሌት ሲቆጡበት ማን ይችለዋል? በ2019 ግን በሚናገራቸው ነገሮች የተነሣ በጨዋታው አሥረኛ ዓመት በዓል ላይ እንዳይገኝ ተደረገ። በመክፈቻው ላይ ከሚፈራረቁት ቢጫ ጽሑፎችም ስሙን የሚያነሡት ተነቀሉ። ንግግሩን እኔም አልወደድኩለትም፤ ሆኖም አንጀቴን በላው።

ጨዋታው ግን አደገ። በ2023 የተሸጠው ቅጂ 300 ሚሊዮን ማለፉ ተነገረ። ለምን ይመስልሃል? ፔርሶን ከሽያጩ በፊት፣ በ2011 መጨረሻ ላይ፣ የማይንክራፍትን መሪነት ለየንስ በርየንስተን አስረክቦ ነበር። ገዢው ሲመጣ ሥራውን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ሌሊቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ያደርኩት ይህንን ነው። እናንተ ጋ ያ ሰው ማነው? አንተ ብትወጣ ሥራውን የሚሸከም አለ?

ጨዋታችን ጥሩ ስለሆነ አይነኩንም እንዳትለኝ። በማይክሮሶፍት ሥር የነበሩትን የቶኪዮዎቹን የጨዋታ ሠሪዎች፣ የታንጎ ጌምወርክስን ነገር የነገርከኝ አንተው ነህ። ሃይ-ፋይ ራሽ የተባለው ጨዋታቸው በ2023 ወጥቶ ስንቱ ወደደላቸው፤ በዓመቱ ማይክሮሶፍት ስቱዲዮው እንደሚዘጋ አስታወቀ። ክራፍተን የሚባለው የኮሪያ ኩባንያ ባይደርስላቸው ተበትነው ነበር።

አትሽጥ አላልኩህም። ሦስት ዓመት ያለ ደመወዝ መሥራትህን፣ የክረምት ጫማህን እንኳ እኔ መግዛቴን አልረሳሁም። ገንዘቡ ይገባሃል። አብረውህ የሚሠሩት እነዚያ ሰባት ልጆች ግን አምነውህ የተሻለ ሥራ ትተው መጥተዋል፤ አንዷ እንዲያውም ነፍሰ ጡር ናት ብለኸኛል። ከድርሻው ምን ያገኛሉ? ስንት ጊዜ እንዳይባረሩ ተጽፎላቸዋል?

ፊርማው ሰኞ ከሆነ ቅዳሜ ውሉን ይዘህ ና። ሽሮ እሠራልሃለሁ። የሕግ ስዊድንኛ ይከብደኛል፤ አንተ ገጽ በገጽ እያነበብክ በአማርኛ ንገረኝ። የልጆቹ ነገር የተጻፈበት ጋ ስትደርስ ቀስ በልልኝ።

እናትህ