የላቦራቶሪዋ ልጅ ስሟ ማን ነው?

ጅማ፣ ኅዳር 14

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። አባትህ ደጅ ያሰጣውን ቡና ዝናብ እንዳይመታበት ሰማይ ሰማይ እያየ ይውላል።

እሑድ ስትደውል ድምፅህ ደስ አላለኝም። «እማዬ፣ ጊዜዬን እያባከኑት ነው» አልከኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ሕክምና የተማርከው የገጠር መጸዳጃ ቤት ለመቁጠር እንዳልሆነ ነገርከኝ። ከነርሲንግ፣ ከፋርማሲ፣ ከላቦራቶሪና ከአካባቢ ጤና ተማሪዎች ጋር ማታ ማታ ስብሰባ መቀመጥ እንደሰለቸህም ጨመርክልኝ። ያኔውኑ ያልመለስኩልህ ተናድጄ ስለነበር ነው። ሦስት ቀን ካሰብኩበት በኋላ ነው አሁን የምጽፍልህ።

ቲቲፒ የምትሉት፣ የተለያየ የጤና ሙያ ተማሪዎች በቡድን ገጠር ወጥታችሁ የምትሠለጥኑበት ነገር፣ ዛሬ የመጣ አይደለም። ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጁ ሲከፈት የጤና መኮንኖች፣ የኮሙኒቲ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች (የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች) እዚያው አንድ ላይ ይሠለጥኑ ነበር። ወደ ጤና ጣቢያም በቡድን ነበር የሚወጡት። የእኛው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲቋቋም ገና ከመነሻው ተማሪው ሕዝቡ መካከል ገብቶ እንዲማር ታስቦ ነው። በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሲሆንም ያንኑ ይዞ ቀጠለ። በጅማ ዙሪያ ወዳሉት ወደ አጋሮ፣ ሸቤ፣ አሰንዳቦ የሚሄዱ ተማሪዎችን ስንት ዓመት ሙሉ ስሸኝና ስቀበል ኖሬያለሁ። አንተ ዛሬ የተኛህበት ፍራሽ ላይ ስንቱ ሐኪም ተኝቶበት አልፏል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ሰነድ ላይ የሙያዎች የጋራ ትምህርት ምን እንደሆነ ተጽፏል። የሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሙያ ተማሪዎች አንዱ ስለ ሌላው፣ ከሌላውና ከሌላው ጋር ሲማር ማለት ነው ይላል። አንድ አዳራሽ ተሰብስቦ አንድ ሌክቸር መስማት አይበቃም። እኔ «ከሌላው» የምትለዋን ቃል ነው የምወዳት። ከላቦራቶሪዋ ልጅ አንተ የማታውቀውን ትማራለህ ማለት ነው። ለምርመራ የመጣው አክታ ምራቅ ብቻ ከሆነ ውጤቱ እንደማይታመን እሷ ታውቃለች። ነገሩ የገባህ ይመስለኛል፣ ግን አልዋጥልህ ብሏል።

ስለዚህ አንድ ነገር ልንገርህ። ለአባትህም እንኳ ሙሉውን ነግሬው አላውቅም።

አንተ ሳትወለድ ነው። ያኔ የምሠራበትን ቦታ ስሙን አልጽፍልህም። አዋላጅ ሆኜ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። አንዲት ልጅ እግር የመጀመሪያዋን ወለደች፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ልጁ ደህና፣ እንግዴ ልጁም ወጣ። ሐኪሙ አያትና «ጥሩ ናት» ብሎ ወደ ሌላ በሽተኛ ሊሄድ ተነሣ። እኔ እጇን ይዣለሁ። የልብ ምቷ ይሮጣል፣ ግንባሯ ቀዝቅዟል። «ዶክተር፣ ትንሽ የፈዘዘች አልመሰለዎትም?» አልኩ። እንዲያ ነው ያልኩት፣ በለሆሳስ። ደም እየፈሰሳት ይመስለኛል አላልኩም። «ሲስተር፣ የራስሽን ሥራ ሥሪ» አለኝ። ሳይቆጣ፣ እንደ ቀላል ነገር። እኔም ዝም አልኩ።

እኔን ያሳደገኝ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚል ቤት ነው። ዝምታ ጨዋነት ነበር። ያን ሌሊት ጨዋ ሆኜ ቆምኩ።

የፅዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ሐኪሙ ከወጣ በኋላ መጥታ ነጠላዬን ሳብ አደረገችኝና ወደ ታች አሳየችኝ። ፍራሹ ፕላስቲክ የለበሰ ነው። ደሙ ከላይ ሳይታይ በፕላስቲኩ ጠርዝ ወርዶ ከአልጋው ሥር ተጠራቅሟል። «ቅድም ነው ያየሁት፤ ዶክተሩ ስላለ ፈርቼ ነው» አለችኝ። ቅድም! ሁለታችንም አይተናል፤ እኔ ከላይ፣ እሷ ከታች። ሁለታችንም አልተናገርንም።

ሐኪሙን ሮጬ መለስኩት። ማህፀኗን ስናሽ፣ ማህፀን የሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲን ስንሰጥ፣ ከቤተሰብ ደም ስንለምን ነጋ። ልጅቱ ተረፈች። ማህፀኗ ግን ወጣ። በሀያ ዓመቷ። እኔ እስከ ዛሬ የመወልወያ ውሃ ቀልቶ ሳይ ሆዴ ይንቦጫቦጫል።

ያ ሐኪም ክፉ ሰው አልነበረም። ሁለት ቀን አልተኛም። ጎበዝ ነበር፣ ከእኔ መቶ እጥፍ ያውቃል። ግን ክፍሉ ውስጥ የነበረው ዕውቀት በሦስት ሰው ተከፋፍሎ ነው የተቀመጠው። እሱ ሕክምናውን ያውቃል፣ እኔ የልብ ምቷን አውቃለሁ፣ የፅዳት ሠራተኛዋ ወለሉን ታውቃለች። ሦስቱ ካልተገናኙ ማንም አያውቅም ማለት ነው። የሚያገናኛቸው ደግሞ መድኃኒት አይደለም፣ የሐኪሙ ፊት ነው። አንተ «የራስሽን ሥራ ሥሪ» ያልካት ነርስ ነገ አትነግርህም። ነገ የማትነግርህ ምን እንደሆነ ደግሞ በፍጹም አታውቀውም።

የባህርይ ሳይንስ ብለው ሲያስተምሯችሁ «ወሬ ነው» ያልከኝ ትዝ ይለኛል። አናቶሚና ባዮኬሚስትሪ ሲሆን ሌሊቱን ትቀመጣለህ፣ ይኼኛውን ለፈተና ዋዜማ ታቆየዋለህ። እኔ የነገርኩህ ሌሊት ግን የአናቶሚ ጉድለት አልነበረም። ሰው በደከመው ጊዜ እንዴት እንደሚሰማ፣ ከበላይ ፊት ሲቆም ለምን ድምፁ እንደሚቀንስ ማንም አላስተማረንም። ይኼ ይጠናል፣ ይለመዳል፣ ይለካል።

እ.ኤ.አ. በ2008 የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ሕክምና ቼክሊስት፣ አንድ በአንድ እየተነበበ የሚረጋገጥ ዝርዝር፣ አወጣ። 19 ነጥቦች፣ አንድ ወረቀት። ቢላዋ ቆዳ ከመንካቱ በፊት ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ስሙንና የሥራ ድርሻውን ይናገራል። አንተ ይህን ስትሰማ ልትስቅ ትችላለህ። በ8 ከተሞች ባሉ 8 ሆስፒታሎች ሞከሩት፣ አንዱ የታንዛኒያዋ ኢፋካራ ነበረች። በሚቀጥለው ዓመት በታተመው ጥናት የሟቾች ቁጥር ከመቶ 1.5 ወደ 0.8 ወርዷል። ቼክሊስቱ ውስጥ አንቲባዮቲክ በሰዓቱ መስጠትም፣ ጨርቅና መርፌ መቁጠርም አለ፣ ስም መጠራራት ብቻውን አይደለም። ግን አንድ ጊዜ አፉን ከፍቶ ስሙን የተናገረ ሰው ችግር ሲያይ ለሁለተኛ ጊዜ አፉን መክፈት ይቀለዋል። ያን ሌሊት የፅዳት ሠራተኛዋን ስም ሐኪሙ አያውቀውም ነበር።

ሌላም ትንሽ ነገር አለች። ድንገተኛ ክፍል ስትገባ «አድሬናሊን 0.5 ሚሊግራም፣ በጡንቻ» ብለህ ዞር አትበል። ነርሷ ደግማ «0.5፣ በጡንቻ» እስክትልህ ጠብቅ፣ ከሰጠች በኋላም «ሰጥቻለሁ» ትበልህ። መጀመሪያ የማይተማመኑ ሰዎች ያስመስላል። ከወር በኋላ እንደ ሰላምታ ይለመዳል።

ከበሽተኛም ጋር እንዲሁ ነው። ጤና ጣቢያ ስሠራ አንድ የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ መድኃኒቱን ሁለት ጊዜ አቋረጠ። ስድስት ወር የሚወሰድ ነው፣ ታውቀዋለህ። በሁለተኛው ጊዜ ተቆጣነው። «አልሰማ ያለ» ብለን ካርዱ ላይ የጻፍነው እኛው ነን። የፋርማሲው ልጅ ብቻ ወንበር ስቦ ተቀመጠና በኦሮምኛ «ያቋረጥክ ዕለት የት ነበርክ?» አለው። ቡና ለቀማ ጫካ ወርዶ ነበር። እዚያ ሳምንታት ይቆያል፣ ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፣ ባዶ ሆዱን ሲውጥ ደግሞ ያቅለሸልሸዋል፣ ባልደረቦቹም እንዳያዩት ይደብቃል። አለመስማት የምንለው ነገር ውስጥ ይህ ሁሉ ነበረበት። የባህርይ ሳይንስ ሰዎች፣ እነ ሱዛን ሚቺ እ.ኤ.አ. በ2011 እንደጻፉት፣ ሰው አንድን ነገር እንዲያደርግ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፦ መቻል፣ ሁኔታው ማመቸትና መፈለግ። እኛ ፍላጎቱን ስንገሥጽ የጎደለው ሁኔታው ነበር። ለለቀማው ቦታ ቅርብ ወደሆነ ጤና ጣቢያ አዛወርነው፣ ጨረሰው።

አንተ ጅማ ተወልደህ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እንደ ውሃ ትናገራለህ። ከቡድናችሁ ስንቱ ኦሮምኛ አይችልም? እነሱ አንተን ይፈልጉሃል። አንተ ደግሞ የአካባቢ ጤናውን ልጅ ትፈልገዋለህ። የምታክመው ሕፃን ተቅማጡ በየሳምንቱ የሚመለሰው ምንጩ ከመጸዳጃ ቤቱ በታች ስለሆነ ይሆናል። እሱ ካልቆጠረልህ አንተ የጨውና ስኳር ፈሳሽ ስታዝዝ ትከርማለህ። መቁጠሩን ከእሱ ጋር ሂድ። አንድ ቀን ብቻ እንኳ።

ማታ ስብሰባው ላይ ደግሞ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምትናገረው አንተ አትሁን። መጨረሻ ተናገር። ዶክተር የሚባለው ከተናገረ በኋላ ሌላው ይስማማል፣ እኔም እስማማ ነበር። የማይስማማ ሰው ሲገኝ ፊትህን እንዳትቀያይር። አንተ ስትናደድ ቅንድብህ ይሰበሰባል፣ ከልጅነትህ ጀምሮ ነው፣ አውቀዋለሁ።

ነገ ጠዋት በአጋሮ ሚኒባስ ዳቦ ቆሎና ጭኮ እልክልሃለሁ። ለስድስት ሰው ነው የሠራሁት፣ ብቻህን እንዳትበላው። እሑድ ስትደውል ደግሞ የላቦራቶሪዋን ልጅ ስም ንገረኝ። ሁለት ሳምንት አብራችሁ ሆናችሁ እስካሁን «የላቦራቶሪዋ» ነው የምትላት።

እናትህ