አቡሽ ዶርም ይግባ

ልጄ፣

ትናንት በስልክ የተቋረጠውን ወሬ ልጨርስልህ ብዬ ነው። በቴሌግራም ድምፅ ብልክልህ ግማሽ ላይ እንደምትዘጋው አውቃለሁ፣ ስለዚህ ጻፍኩት።

አቡሽ ጅማ ደርሶታል። አንተና ሚስትህ ግን እዚሁ አዲስ አበባ የግል ኮሌጅ ይግባ፣ ከቤት እየተመላለሰ ይማር ትላላችሁ። ስጋታችሁ ይገባኛል፣ ዜናውን እኔም እሰማለሁ። ግን "ከማያውቃቸው ልጆች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ እንዴት አድርጎ ይኖራል?" ስትለኝ ሳቄ መጣ።

እኛስ? እኔ ዊንጌት አዳሪ ትምህርት ቤት የገባሁት መስከረም 1957 ነው። አሁን ዊንጌት ማለት የታክሲ ረዳት የሚጮህበት ሰፈር ነው፣ የሰው ስም መሆኑን የሚያውቅ ልጅም ያለ አይመስለኝም። ኦርድ ዊንጌት በ1933 ከጃንሆይ ጋር በጎጃም በኩል የገባው የእንግሊዝ መኮንን ነው። ትምህርት ቤቱ እሱ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1946 ተከፍቶ በስሙ ተጠራ። ሰው ዊንጌት ተማርኩ ስለው ቶሎ ብሎ "ከመለስ ጋር?" ይለኛል። አይ፣ እኛ ቀድመነዋል።

ከየጠቅላይ ግዛቱ በ8ኛ ክፍል ፈተና ተለቅመን የመጣን ወንዶች ነበርን። ከደሴ ስመጣ የማውቀው አንድም ሰው አልነበረም። ቀን በእንግሊዝኛ ስንማር ሁላችንም አንድ እንመስላለን። ማን ማን እንደሆነ የሚለየው ማታ መብራት ሲጠፋ ነው። አጠገቤ የሚተኛው የከፋ ልጅ በእንቅልፉ ያወራል፣ በከፍኛ። መጀመሪያ ሰሞን ትራስ ስንወረውርበት ከረምን። እየቆየ ግን የሚለው ነገር ያው መሆኑን ደረስንበት። ትርጉሙን ጠየቅነው፣ "ላሟን መልሷት" ማለት ነው አለን። ከዚያ በኋላ ጠዋት የምንቀሰቅሰው በዚያችው ቃል፣ በገዛ ቋንቋው ሆነ። ላሟ ግን ዓመቱን ሙሉ አልተመለሰችም።

ከእረፍት ስንመለስ ጎጃሜው ማር ይዞ ይመጣል፣ እኔ ዳቦ ቆሎ፣ የአርሲው ልጅ ደግሞ ጭኮ። ሎከራችን ቁልፍ ነበረው፣ ግን የጭኮን ሽታ ምን ቁልፍ ይይዘዋል? በብርዱ ቅቤው ረግቶ ስለሚጠነክር ማንኪያ አይደፍረውም። በማስመሪያ እየለካን፣ በዚያችው ማስመሪያ ጠርዝ እየቆረጥን ነበር የምንካፈለው። አንዱ ግማሽ ሴንቲ ተበደልኩ ብሎ አኩርፎን ነበር፣ አሁን እሱ የልጅ ልጆች አያት ነው፣ ዛሬም ስንገናኝ ያነሳታል።

በዚያው ዓመት የካቲት ላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች "መሬት ለአራሹ" ብለው ፓርላማ ድረስ ተሰለፉ። ወሬው እኛም ዘንድ ደረሰ፣ ማታ መብራት ከጠፋ በኋላም ክርክሩ ጦፈ። ለካ የጭኮው ልጅ አባት ጭሰኛ ናቸው። እስከዚያች ሌሊት ማናችንም አላወቅንም። ድምፁን ሳያነሳ፣ አባቱ ካመረቱት እኩሌታውን ለባለመሬቱ እንደሚሰጡ፣ አሥራቱንም የሚከፍሉት እነሱ እንደሆኑ፣ እህሉንም እስከ ጌታው ጎተራ ድረስ በራሳቸው አህያ ጭነው እንደሚያደርሱ ነገረን። ሁላችንም ጸጥ አልን። ሁለት አልጋ አልፎ የሚተኛ፣ አባቱ የብዙ ጋሻ መሬት ባለቤት የሆኑ ልጅ ነበር። እሱ ቆየት ብሎ "ከገብሱም?" ብሎ ጠየቀ። ከወዲያ ማዶ አንዱ "አይ፣ ከጭኮው ብቻ!" ሲል ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የባለመሬቱ ልጅ ይሳቅ አይሳቅ በጨለማው አላየሁም። የመሬት ነገር ሲነሳ ግን ከዚያ ወዲያ እንደ ድሮው አፉን ሞልቶ አይናገርም ነበር።

እስቲ ንገረኝ፣ በዚያ ዘመን እነዚያን ሁለት ልጆች አንድ ጣራ ሥር የሚያሳድር ሌላ ምን ነገር ነበር? የአንተ ልጅ እኮ የሚያውቀው የኮንዶሚኒየሙን ልጆች ነው፣ እነሱንም በስልክ። ያገሩን ሰው የሚያውቀው ከቲክቶክ ነው፣ እዚያ ደግሞ ሲሰዳደቡ ብቻ ነው የሚያየው።

ችግር የለውም አልልህም። የመጀመሪያው ሰሞን ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚያለቅስ ሞልቶ ነበር፣ እኔም አለሁበት። ጸጥታው ካሳሰበህ ጅማ የሚሠራ ጓደኛ አለህ አይደል? እሱን ደውለህ ጠይቀው፣ ፌስቡክን አትጠይቅ። መንገዱ ካላማረህም በአውሮፕላን ይሂድ፣ ትኬቱን እኔ እችላለሁ።

እናትህ በሶውን ማስፈጨት ጀምራለች፣ እሷን ከእንግዲህ የሚመልሳት የለም። ብርድ ልብስ እኔ እገዛለታለሁ። አንተ ጠንከር ያለ የሎከር ቁልፍ ፈልግለት፣ ባይጠቅመውም። እሁድ ለምሳ ኑ፣ ሚስትህን እኔ አናግራታለሁ።

አባትህ