ለቴኒስ ሜዳው እናዋጣለን፣ ለቀለም ብቻ ከሆነ ግን ይቅር

ሰላም ለአዘጋጁ፣

የህዝብ ቴኒስ ሜዳዎችን አድሶ ለማስፋት ገንዘብ እየተሰበሰበ ነው ብላችሁ ያወጣችሁትን አነበብኩ፣ ደስም አለኝ ስጋትም ገባኝ። ደስ ያለኝ ቴኒስ የሀብታም ጨዋታ ነው የሚባለው ነገር የሚቀረው በር ላይ የአባልነት ካርድ የማይጠየቅበት ሜዳ ሲኖር ስለሆነ ነው። ስጋት የገባኝ ደሞ ፖስተሩን ሳየው ነው፣ ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀባ ሜዳ፣ የሚያብረቀርቅ መብራት፣ ነጭ በነጭ የለበሱ ልጆች ምናምን። ያምራል። ከስር ስላለው መሬት ግን አንዲት ቃል የለችበትም።

የሃምሳ ሎሚውን ተረት ሁሉም ስለሚያውቀው ልዝለለው። ሜዳ መበላሸት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከስር ነው፣ ውሃ መሄጃ ሲያጣ መሰረቱ ውስጥ ይገባል፣ አፈሩ ወይ ያብጣል ወይ ይሰምጣል፣ አስፋልቱ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ደሞ ሌላ ውሃ ይገባል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። የተጫወተ ሰው ያውቀዋል፣ ኳሷ አሪፍ መጥታ ስንጥቁ ጠርዝ ላይ ስታርፍ ወይ እዛው ትሞታለች ወይ ወደ ጎን ትሸሻለች፣ ልጁ ራኬቱን አዘጋጅቶ አየር ይመታል። አሁን እዚህ ላይ አዲስ ቀለም ቢቀባ ለምረቃው ፎቶ ጥሩ ነው፣ ትንሽ ዝናብ ሲጠግብ ግን ያው ስንጥቅ በዛው መስመር ተመልሶ ይወጣል። ያኔ ያዋጣው ሰው ሁሉ «ገንዘቤ የት ገባ» ማለቱ አይቀርም፣ ሁለተኛ ጊዜ ጠይቃችሁት ቢሰጣችሁ ይገርመኛል።

ይሄን ለማወቅ ደሞ የግድ ውድ ባለሙያ እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም። ሞቅ ባለ ቀን ሜዳውን በጎማ ውሃ ማጥለቅለቅ፣ አንድ ሰአት ያህል ጠብቆ መመለስ፣ ውሃ ያቆረበት ቦታ ላይ ሳንቲም ጣል ማድረግ። ውሃው ሳንቲሟን ከሸፈናት እዛ ጋ ሜዳው ሰምጧል ማለት ነው፣ በጠመኔ ዙሪያውን አክብቡበት። ክቦቹ ሁለት ሶስት ከሆኑ በመሙያ ይስተካከላሉ፣ ሜዳው በሙሉ ክብ በክብ ከሆነ ግን ቀለም የሚጠቅመው ቀቢውን ብቻ ነው። በደንብ የተሰራ ሜዳ ፍፁም ጠፍጣፋ አይደለም እኮ፣ ወደ አንድ ጎን 1 ፐርሰንት ያህል ያዘቀዝቃል፣ ከአጥር እስከ አጥር 18 ሜትር ስፋት ላለው ሜዳ 18 ሳንቲሜትር ገደማ ማለት ነው፣ እየተጫወትክ አይታወቅህም ውሃው ግን መንገዱን ያገኛል። አንዳንድ ኮንትራክተር መሃሉን ከኔቱ (ከመረቡ) ስር ጉብ አድርጎ ውሃውን ወደ ሁለት ሊከፍለው ይፈልጋል፣ እንዳትስማሙ፣ መሃሉ ከፍ ካለ ኔቱም ጨዋታውም ይዛባል። ኔት መሃሉ ላይ 91.4 ሳንቲሜትር ነው መሆን ያለበት፣ ቋሚዎቹ ጋ 1.07 ሜትር፣ በየህዝብ ሜዳው ግን መሃሉ ላይ የሚይዘው ቀበቶ ስለጠፋ በገመድ ታስሮ ነው የምታገኙት።

ሌላው መቻኮል ነው። አዲስ አስፋልት ቀለም ከመቀባቱ በፊት ቢያንስ 14 ቀን፣ ኮንክሪት ደሞ 28 ቀን ያህል መቆየት አለበት። የምረቃው ቀን ለእንግዶች ተነግሯል ተብሎ ይሄ ጊዜ ከታጠፈ ቀለሙ ይላጣል፣ በቃ። ስለዚ ቀኑን ስራው ይወስን እንጂ የጥሪ ካርዱ አይወስን።

ማስፋፊያውን በተመለከተ ትንሽ የማያስማማን ነገር ሊኖር ይችላል። ሁሉም «ስንት ሜዳ ይጨመራል» ነው የሚለው። የመጫወቻው ክፍል ለሁለት ለሁለት ሲጫወቱበት 23.77 በ10.97 ሜትር ነው፣ ከመስመሩ ውጪ የሚሮጥበት ክፍት ቦታ ሲደመር ግን ለአንድ ሜዳ የሚመከረው 36.57 በ18.29 ነው፣ ወደ 669 ካሬ ሜትር። ኮሚቴዎች አራት ሜዳ የሚበቃው ቦታ ላይ አምስት ለማስገባት የሚሰርቁት ይሄንኑ ክፍት ቦታ ነው፣ ከቤዝላይን (ከሜዳው የኋላ መስመር) ጀርባ ያለችው 6.40 ሜትር ትርፍ ትመስላለችና። ከዛ ረጅም ኳስ ሲያባርር የነበረ ሰው ሽቦው ላይ ይለጠፋል። እኔ ብጠየቅ አምስተኛውን ሜዳ ትቼ መብራት አስገባለሁ፣ ሰው ከስራ ከትምህርት የሚወጣው ሲመሽ አይደል እንዴ? መብራት የገባለት አንድ ሜዳ በሰአት ከተቆጠረ ሌላ ሜዳ እንደመጨመር ነው፣ መሬትም አይፈጅም (ጎረቤት መኝታ ቤት ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ወደ ታች ይዙር)። መሬት ተገኝቶ የሚጨመር ከሆነም ሜዳው በቁመቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይዘርጋ፣ አለበለዚያ ጠዋትና ማታ ሰርቭ የሚያደርገው (ኳሷን ወደ ላይ ወርውሮ መትቶ ጨዋታ የሚያስጀምረው) ሰው ፀሐይዋን ነው የሚያየው።

ልጆችን ደሞ ማንም አላነሳቸውም። አለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ከ2012 ጀምሮ 10 አመትና ከዛ በታች ላሉ ልጆች ውድድር ለስለስ ያለ ኳስና እንደ እድሜያቸው ያነሰ ሜዳ ይሁን ብሎ ደንብ አውጥቷል። ለትንንሾቹ የተመደበው ቀዩ ኳስ ከተለመደው 75 ፐርሰንት ያህል ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ የነሱ ሜዳ ደሞ 10.97 ሜትር ርዝመት ቢሆን ይበቃል፣ ማለትም የትልቁ ሜዳ ስፋት! ስለዚ በአንዱ ሜዳ ላይ በአግድም አራት የልጆች ሜዳ ማስመር ይቻላል፣ ወጪውም ያን ያህል አይደለም። ከጎኑ አንድ የመለማመጃ ግድግዳ ቢቆም ደሞ ጓደኛ ያጣ ልጅም ይጫወታል። ፖስተሩ ላይ አያምርም ብለው ነው መሰለኝ የተዉት።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሜዳው የሚቀባው አክሪሊክ ቀለም እንደ አጠቃቀሙና እንደ አየሩ ከ4 እስከ 8 አመት ውስጥ መታደስ ይፈልጋል፣ ኔት ያልቃል፣ ሽቦ ይቀደዳል፣ አምፖል ይቃጠላል። ለግንባታ ገንዘብ መለመን ቀላል ነው፣ ሪባን የሚቆረጥበት ነገር ስለሆነ፣ ለጥገና ስጡኝ ስትል ግን ሁሉም ስልኩን ያያል። ስለዚ የጥገናውን አሁኑኑ ሰው ሞቅ ባለበት ሰአት መያዝ ነው፣ ከሚሰበሰበው ከ100 15ቱ ለብቻው አካውንት ይግባ፣ ያለ ሶስት ፈራሚ አይውጣ፣ በየአመቱም ኦዲት ይደረግ። ቃል የተገባና በእጅ የገባ ገንዘብም ይለይ። መድረክ ላይ ማይክ ይዞ ቃል የገባ ሁሉ ከፍሎ ቢሆን ኖሮ ስንቱ ነገር ተሰርቶ ነበር፣ በላም አለኝ በሰማይ ጨረታ አይወጣም። ትልልቆቹን ሰጪዎች ደሞ ህዝቡ ጋ ከመድረሳችሁ በፊት አናግሯቸው፣ አንዱ «ህዝቡ ያዋጣውን ያህል እኔም እጨምራለሁ» ካለ ትንሽ ያለው ሰውም የሰጠው እጥፍ እንደሚሆን ያውቃልና ይበረታታል። ድርጅቶችን ብር አምጡ ከማለት ጠጠር፣ ሮለር፣ የአንድ ሳምንት ማሽን መጠየቅም ብዙ ጊዜ ይቀላል። ዋጋ ስታስገቡም የመሰረት ስራው፣ ንጣፉና ቀለሙ ለየብቻ ይጻፍ፣ በጅምላ አንድ ቁጥር ከመጣ የትኛው ላይ እንደተቆጠበ መቼም አታውቁም።

ትልቅ ገንዘብ የሰጠ ሰው ስሙ አግዳሚ ወንበር ላይ ይጻፍለት፣ አጥሩም ላይ ይሁን፣ ደስ ይለኛል። ሰአት ግን አይሰጠው። «ማክሰኞና ሀሙስ ማታ የስፖንሰሮች ነው» ተብሎ ይጀመርና ሳይታሰብ የህዝቡ ሜዳ ክለብ ሆኖ ያርፋል። ጥቁር አሜሪካዊው የቴኒስ ተጫዋች አርተር አሽ ያደገው አሜሪካ ሪችመንድ ከተማ ውስጥ አባቱ በሚጠብቁት ለጥቁሮች በተከለለ የህዝብ መናፈሻ ነው፣ ቤታቸው እዛው ሜዳው አጠገብ ነበር፣ በ1968 ዩኤስ ኦፕንን በ1975 ዊምብልደንን፣ ሁለቱን ትልልቅ የቴኒስ ውድድሮች አሸነፈ። ሌላዋ አሜሪካዊት የቴኒስ ኮከብ ቢሊ ጂን ኪንግም ካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ላይ በህዝብ ሜዳ በነፃ ነው የተማረችው። እነዚህ ልጆች በር ላይ «ዛሬ የስፖንሰሮች ቀን ነው» ተብለው ቢመለሱ ኖሮ ማን ያውቃቸው ነበር?

እኔ ከሚያዋጡት አንዱ ነኝ፣ አቅሜ የፈቀደውን አስቀምጫለሁ። ከመስጠቴ በፊት ግን ኮሚቴው በናንተው ጋዜጣ በኩል እነዚህን ቢመልስልኝ፦ የውሃውና የመሰረቱ ምርመራ ተደርጓል ወይስ አልተደረገም? የጥገናው አካውንት ተከፍቷል? የመጫወቻ ሰአት ደንቡን የሚያወጣው ማነው፣ ሰጪዎቹ ናቸው ወይስ ተጫዋቹ?

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢ