ልጆቻችሁ ስለሚሠሩት አውሮፕላን

የተከበራችሁ ወላጆች፣

ሰሞኑን ልጆቻችሁ ካርቶን፣ ላስቲክና አግራፍ ፍለጋ ቤቱን ሲያምሱት አይታችሁ ይሆናል። የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን የበረራን ሳይንስ አውሮፕላን እየሠሩ በመማር ላይ ናቸው።

አንዳንዶቻችሁ «ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ ትምህርት?» ብላችሁኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ የወረወረችው የወረቀት አውሮፕላን አፍንጫውን ሽቅብ ቀስሮ ወጣ፣ አየር ላይ ቀጥ አለ፣ ከዚያ በጅራቱ ወደቀ። ደግማ ወረወረችው፤ ያው ነው። መምህሯ ዝም ብሎ ያያል። ቆየት ብላ አፍንጫው ላይ አግራፍ ሰካችበት። አሁን ረጋ ብሎ ሜዳውን አቋረጠ። የክብደቱ ማዕከል ወደ ፊት ሲመጣ ለምን እንደሚረጋ ለጓደኞቿ ያስረዳችው ራሷ ናት። ይህን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ብንጽፈው ኖሮ ለፈተና ሸምድዳው ትረሳው ነበር።

ክንፍም እንዲሁ ነው። ብዙዎቻችን ክንፍ አውሮፕላኑን የሚያነሳው «ከላዩ የሚያልፈው አየር ከታችኛው ጋር እኩል ለመድረስ ስለሚፈጥን ነው» ተብለን ተምረናል። ትክክል አይደለም። ክንፍ አየሩን ወደ ታች ይገፋል፤ አየሩም ክንፉን ወደ ላይ ይገፋዋል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ይላል፤ ክንፉ የሚገፋው አየር ያንሳል። አውሮፕላኖች እዚያ ለመነሳት ረዘም ያለ መንደርደሪያ የሚፈልጉትም ለዚህ ነው። ልጆቹ የካርቶን ክንፎቻቸውን በቬንትሌተር ፊት ይፈትሻሉ። የራይት ወንድማማቾችም እ.ኤ.አ. በ1903 ከመብረራቸው በፊት በርካታ የክንፍ ቅርጾችን በነፋስ ዋሻ፣ ማለትም አየር በሚነፍስበት ረጅም ሣጥን ውስጥ፣ ፈትነዋል።

ስለ «ፀሐይ»ም እናስተምራቸዋለን። ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር አዲስ አበባ ውስጥ የሠራት፣ በ1928 ዓ.ም. የበረረች አውሮፕላን ናት። ጣሊያኖች ወስደዋት በጥር 2016 ዓ.ም. አገሯ ገብታለች። አውሮፕላን እዚሁ ከተማ መሠራቱን ልጆቻችን እንዲያውቁ እፈልጋለሁ።

ከእናንተ የምንፈልገው ብዙ አይደለም። ንጹሕ ካርቶን አትጣሉ። በምላጭ ሲቆርጡ አጠገባቸው ሁኑ። አደራ የምላችሁ ግን አውሮፕላኑን እንዳትሠሩላቸው ነው። ሲወድቅ አይታችሁ እጃችሁን ሊበላችሁ ይችላል፤ ታገሱ። «ምን ብትቀይር ይሻላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ማርክ የምንሰጠው ለማማሩ አይደለም፤ ምን እንደቀየሩና ምን ለውጥ እንዳዩ በደብተራቸው ለሚጽፉት ነው።

የበረራ ሙከራው የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት በትምህርት ቤቱ ሜዳ ይደረጋል። ነፋስ ሳይበረታ ስለምንጀምር በሰዓቱ ድረሱልን።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር