እማዬ፣ ኮንዶሚኒየሙን በስሜ አታዙሪው

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ስኳርሽን በየጠዋቱ ትለኪያለሽ?

እሑድ ስንደዋወል ካለቀስሽ ወዲህ ሆዴ አልረጋም። በስልክ ልንገርሽ ብል አንቺ ስታለቅሺ እኔም አለቅሳለሁ፣ ነገሩም ሳይነገር ይቀራል። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። የእህቴ ልጅ ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

መጀመሪያ ይሄን እወቂልኝ። ከወንድሜ ቤት የምወጣው ተጣልተን አይደለም። ሚስቱም ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም። አክስቴ «መንግሥት ቤት ልትገባ ነው፣ ተጣለች» ብላ የነገረችሽ ሳታውቅ ነው።

የምኖርበት ቤዝመንት 11 ደረጃ አለው። ዊልቸሩ ላይ ሆኜ አልወጣውም። ወንድሜ አዝሎ ያወጣኛል፣ አዝሎ ያወርደኛል። አንቺ ትምህርት ቤት አዝለሽኝ ስትሄጂ 7 ዓመቴ ነበር። አሁን 44 ነኝ፣ እሱ ደግሞ ወገቡን ያመዋል። ባለፈው በረዶ ሲጥል 9 ቀን ከዚያ ክፍል አልወጣሁም። ሥራ ሲሄድ ቤቱ እሳት ቢነሳበት ምን እሆናለሁ እያልኩ አስባለሁ። ይህን እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው።

ስለ ገንዘቡም ልንገርሽ። አንቺ ጡረታ የምትይው እዚህ አሜሪካ ስሙ ኤስኤስአይ ነው። ገቢና ንብረት ለሌላቸው ሽማግሌዎችና አካል ጉዳተኞች በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1974 ጀምሮ ይከፈላል። ዘንድሮ በ2026 ለአንድ ሰው ትልቁ ክፍያ በወር 994 ዶላር ነው። በብር ሲመነዘር ብዙ ይመስላል። እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ግን የባለ አንድ መኝታ ኪራይ የዚህን እጥፍ ይጠጋል። ወንድሜ «ከእህቴ ኪራይ አልቀበልም» ብሎ ስንት ጊዜ ተጨቃጨቅን! በነፃ ካስጠለለኝ ከድጎማው እስከ ሲሶ ሊቀነስብኝ ስለሚችል ነው ድርሻዬን በግድ የምሰጠው።

አምና ሆስፒታል ተኝቼ ስወጣ አንዲት ሠራተኛ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ፣ ግቢ አለችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ አልጋ ማግኘት ቀላሉ እዚያ ስለሆነ ነው። ግን እማዬ፣ እዚያ የሚገባው አብዛኛው ሰው በአንቺ ዕድሜ ያለ ነው። ሜዲኬይድ የሚባለው የመንግሥት የሕክምና ድጋፍ ከከፈለልሽ ደግሞ ኤስኤስአይ በወር ወደ 30 ዶላር ይወርዳል። ስልክ መሙያ እንኳ አይሆንም። እምቢ አልኩ። እምቢ የማለት መብት እንዳለኝ ያወቅኩት ስለ ሁለት ሴቶች ሰምቼ ነው። ሎይስ ከርቲስና ኢሌን ዊልሰን ይባላሉ። እዚሁ አሜሪካ፣ ጆርጂያ በሚባል ግዛት ውስጥ ሐኪሞቻቸው ውጭ መኖር ይችላሉ እያሉ ሆስፒታል ውስጥ ተይዘው ቀሩ። ከሰሱ። በ1999 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፤ በሰፈሩ መኖር የሚችልንና የሚፈልግን ሰው ያለ በቂ ምክንያት ተቋም ውስጥ ማቆየት አድልዎ ነው አለ። ዛሬ ቤት ድረስ መጥታ የምታጥበኝንና የምታለብሰኝን ልጅ ሜዲኬይድ የሚከፍላት እንዲህ ያሉ ሰዎች ስለታገሉ ነው።

ለአካል ጉዳተኞች ብቻ የተሠሩ አፓርታማዎችም አሉ። ሴክሽን 811 ይሏቸዋል። አንዱን ሄጄ አየሁት። ንጹሕ ነው፣ በሩ ሰፊ ነው፣ ግን ከሰዉም ከቤተ ክርስቲያኑም ራቀብኝ። ወረፋውም ረጅም ነው።

አሁን የደረሰኝ ሴክሽን 8 የሚባለው ነው። የቀበሌ ቤት እንዳይመስልሽ። መንግሥት ቤት አይሰጠኝም፤ ከግለሰብ ስከራይ ኪራዩን ይጋራኛል። እኔ የምከፍለው ከገቢዬ 30 በመቶ ገደማ ነው። 300 ዶላር አይሞላም። የቀረውን የካውንቲው የቤቶች ጽሕፈት ቤት በቀጥታ ለአከራዩ ይልክለታል። ለዚህ ነው 6 ዓመት የጠበቅኩት። አንቺ በ97 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግበሽ፣ ዕጣ በወጣ ቁጥር ጋዜጣውን ዘርግተሽ በጣትሽ ስምሽን ስትፈልጊ ነበር አይደል? እኔም እንደዚያው ሆኜ ነው የከረምኩት። ወረቀቱ ሲደርሰኝ እልል ያልኩት ብቻዬን ነው፤ ወንድሜ ሥራ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው የከበደኝ። ቫውቸሩ፣ ማለትም ኪራዩን እንጋራለን የሚለው ወረቀት፣ ከተሰጠሽ በኋላ ቤት ፈልገሽ ካላገኘሽ ይቃጠላል። ለእኔ 60 ቀን ሰጡኝ። በ60 ቀን ዊልቸር የሚያስገባ ቤት ከየት ይመጣል? አካል ጉዳተኛ ስለሆንኩ ቀን ጨምሩልኝ ብዬ በጽሑፍ ጠየቅኩ፣ ጨመሩልኝ። ባልጠይቅ ማንም አይነግረኝም ነበር። ብዙ የእኛ ሰዎች እዚህ ላይ ነው የሚቀሩት። እንግሊዝኛው ሲከብዳቸው ዝም ይላሉ። አስተርጓሚ መጠየቅ እንደሚቻል ስንቱ ያውቃል?

ስደውል መጀመሪያ የምጠይቀው «ሕንፃው መቼ ተሠራ?» ብዬ ነበር። በፈረንጅ ከመጋቢት 1991 ወዲህ ለነዋሪ የተከፈተና አራት ወይም ከዚያ በላይ መኖሪያ ያለው ሕንፃ ከሆነ ሕጉ ለዊልቸር የሚበቃ በር ያስገድዳል። ሊፍት ካለው ሁሉም ቤቶች፣ ከሌለው የምድር ቤቶቹ። አንዱ አከራይ ስደውልለት ቤቱ አለ ብሎኝ፣ ቫውቸር ስለው «አንቀበልም» አለኝ። ሜሪላንድ ውስጥ ከጥቅምት 2020 ጀምሮ እንዲህ ብሎ መከልከል ሕገ ወጥ ነው። ነገርኩት። ስልኩን ዘጋው። ያን ቀን በጣም አለቀስኩ፤ በማግሥቱ ግን መደወሌን ቀጠልኩ።

በመጨረሻ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ አገኘሁ። ሁለት ሊፍት አለው፣ አንዱ ቢበላሽ አንዱ አለ። መታጠቢያ ቤቱ ላይ መያዣ ብረት አስገጥማለሁ። አከራዩ ሊከለክለኝ አይችልም፣ ወጪው ግን በእኔ ነው። እሱን ወንድሜ ይችልልኛል። ቁልፉን የምቀበለው ቤቱ ከተፈተሸ በኋላ በሚቀጥለው ወር ነው። ከወንድሜ ቤት በመኪና 12 ደቂቃ ነው። እሑድ እሑድ ልጆቹን ይዞ ይመጣል።

አሁን ወደ ኮንዶሚኒየሙ ልምጣ። «በስምሽ ላዙረው» ያልሽኝ ከፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። እባክሽ ተይው። ኤስኤስአይ የሚወስድ ሰው ከ2,000 ዶላር በላይ ጥሪት ሊኖረው አይችልም። ይቺ ጣሪያ ከ1989 ጀምሮ አልተነካችም። የምኖርበት ቤት አይቆጠርም፣ አዲስ አበባ ያለ ቤት ግን ይቆጠራል። ድጎማው ሊቋረጥ፣ የወሰድኩትንም መልሺ ሊሉኝ ይችላሉ። «ደብቂው» እንዳትዪኝ፤ አልዋሽም። ለወንድሜ ወይም ለእህቴ አድርጊው። ለእኔ የሆነ ነገር ማስቀመጥ ከፈለግሽ ወንድሜ ኤብል የሚባል ሒሳብ ከፍቶልኛል። እንደ እኔ 46 ዓመት ሳይሞላቸው አካል ጉዳተኛ ለሆኑ ሰዎች የተፈቀደ ነው። እስከ 100,000 ዶላር ድረስ ኤስኤስአይ አይቆጥረውም።

አንድ የምትቆጪበት ነገርም አለ። ስመጣ ሦስት ወር ተቀመጪ ትያለሽ። ከዚህ አገር 30 ቀን ሙሉ ከወጣሁ ክፍያው ይቆማል። ተመልሼ ሌላ 30 ቀን ካልቆየሁም አይቀጥልም። ስለዚህ ስመጣ ከ28 ቀን በላይ አልቆይም። እኔ ከምቸኩልብሽ አንቺ ብትመጪልኝ ይሻላል። አሁን የማሳርፍሽ ቤት አለኝ፤ ደረጃ የለውም፣ ጉልበትሽንም አያስቸግርሽም።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ረከቦት እፈልጋለሁ፣ ግን የተለመደው ዝቅ ይልብኛል። ለአናጢው ንገሪልኝ፤ ቁመቱ 70 ሳንቲም ይሁን፣ ከሥሩም ጉልበቴ የሚገባበት ክፍት ቦታ ይተውልኝ። እግሮቹ እንዲፈቱ አድርጎ ይሥራው፣ ሻንጣ ውስጥ እንዲገባ። ስትመጪ ይዘሽልኝ ነይ። ቡናውን እኔ አፈላልሻለሁ።

ልጅሽ