ይድረስ ለቀዮ፣ ስለዛች ካናቴራ

ቀዮ እንዴት ነህ አንተ ሰው፣ ሰላም ነህ ወይ? መቼም ይሄን ስታይ "ይሄ ልጅ ደሞ ስንት ሊበደረኝ ነው" ማለትህ አይቀርም፣ ሦስት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ድንገት ከች ስል። ብድር አይደለም አትስጋ። እውነቱን ልንገርህ፣ ኩርፊያ ነበር። ያኔ ታኬታ ላክልኝ ብዬህ አንተ በሰው እጅ ካናቴራ ላክህልኝ፣ ያቺን ሰማያዊዋን፣ ጎሽ የተሳለባትን፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሚል ያለባትን። ጭራሽ ኳስ በእጃቸው አቅፈው የሚሮጡ ሰዎች ካናቴራ ብዬ ተናደድኩና እግዜር ይስጥልኝ እንኳን ሳልልህ ቀረሁ፣ ከዛ ቀኑ ሲረዝም ሀፍረት መጣ፣ ሀፍረቱ ደሞ ከኩርፊያው ባሰ።

ባለፈው እሁድ ጠዋት ምን ሆነ መሰለህ፣ የታጠበ ልብስ አጣሁና እሷን ለብሼ ጃንሜዳ ወጣሁ። አንድ ከዘራ የያዙ አባት ዳር ቆመው ሰው ሲያሟሙቅ ያያሉ። ጠሩኝና "አንተ ልጅ፣ የለበስከውን ታውቀዋለህ?" አሉኝ። ጓደኛዬ ነው ከአሜሪካ የላከልኝ ስላቸው "እሱን አልጠየቅኩህም፣ ኳሳቸውን ታውቃለህ ወይ ነው የምልህ።" ለካ ሰውየው በወጣትነታቸው እዛው ዋሽንግተን ተምረዋል። ላቤ እስኪደርቅ አቁመው አወሩኝ፣ ቤት ገብቼም ስለዚሁ ሳነብ አመሸሁ።

ቀዮ፣ ያ ጆርጂያ አቬኑ ላይ እየነዳህ በበሩ የምታልፈው የሃዋርድ ግቢ እኮ የኳስ ቤት ነው፣ የእጁን ሳይሆን የእግሩን ነው የምልህ! እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1970 ሊንከን ፊሊፕስ የሚባል የትሪኒዳድ ሰው አሰልጣኝ አድርገው ያዙ፣ ራሱ በረኛ የነበረ ሰው (በረኛ ጭንቅላት የለውም ስትሉኝ ለኖራችሁት ይድረስልኝ)። ከካሪቢያንና ከአፍሪካ የመጡ ተማሪዎችን ይዞ በ1971 ማያሚ ላይ ሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲን 3 ለ 2 አሸንፎ የአሜሪካን የዩኒቨርሲቲዎች ዋንጫ በላ። ሴንት ሉዊስ ደሞ ቀላል እንዳይመስልህ፣ የ1969ንም የ1970ንም ዋንጫ የወሰደው እሱ ነው። የጥቁሮች ከሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች በዛ ደረጃ ዋንጫ የነካ ከነሱ በፊት አልነበረም።

ከዛ ምን ቢሆን ጥሩ ነው፣ ቀሟቸው። የተገቢነት ጉዳይ ተነሳባቸው፣ የዩኒቨርሲቲ ስፖርቱን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ አንድ ሕግ ነበረው፣ የውጭ አገር ልጅ ከሆንክ 19 ዓመት ከሞላህ በኋላ አገርህ ላይ የተጫወትክበት ዓመት ለዩኒቨርሲቲ መጫወት ከሚፈቀድልህ ዓመት ላይ ይቀነስብሃል። ሌላም የመግቢያ ውጤት ክስ ተጨመረና ዋንጫው ተነጠቀ፣ በ1973 ውድድሩ ላይም ታገዱ። ፍርድ ቤት ሄደው የውጭ ልጆቹን ሕግ ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል አስባሉት፣ ዋንጫው ግን በዛው ቀረ።

ይሄን ሲነግሩኝ የኛ የሰፈር ዋንጫ ትዝ አለኝ፣ አንተ ጢም አወጣህ ተብሎ ተከሰን የተነጠቅነው። እኛ ምን አደረግን? ኳሷን በቢላ ቀደን ቤታችን ገባን፣ አንተም ቢላውን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም እያልክ እስክትሄድ ድረስ ተከራከርክ።

እነሱ በ1974 ተመለሱ። ንጉሡ በወረዱበት ዓመት ማለት ነው፣ አባትየው "ከአገር ቤት የሚመጣው ወሬ ሁሉ እንቅልፍ ይነሳን ነበር፣ ኳሱ ነው ያሳለፈን" አሉኝ። 19 ጨዋታ ተጫውተው 19ኙንም አሸነፉ። የዋንጫው ጨዋታ ከማን ጋር? ከዛው ከሴንት ሉዊስ ጋር፣ ያውም ሴንት ሉዊስ ከተማ ላይ። መደበኛው ሰዓት አለቀ 1 ለ 1፣ ጭማሪ፣ ሌላ ጭማሪ፣ ደሞ ሌላ፣ አራተኛው ጭማሪ ላይ ኢሎዲግዌ የሚባል የናይጄሪያ ልጅ አገባና 2 ለ 1! አባትህ በኛ አቆጣጠር በ1954 ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ያሸነፍንበትን ሲያወሩ ከወንበራቸው እንደሚነሱት ሁሉ፣ እሳቸውም እዚህ ጋ ሲደርሱ ከዘራውን ወደ ላይ አነሱት።

ሩጫም አላቸው ደሞ። ዴቪድ ኦሊቨር የ110 ሜትር መሰናክል ሯጩ የዛ ግቢ ልጅ ነው፣ በፈረንጆቹ 2013 ሞስኮ ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው። ያኔ እኮ አራት ኪሎ ካፌ ውስጥ አብረን ነበርን፣ እሁድ ጥሩነሽ በ10 ሺህ፣ ማክሰኞ መሐመድ አማን በ800። በመሃል ሰኞ እሱ ሲሮጥ "የኛ የለበትም" ብለን ማኪያቶ ልናዝ ዞርን።

ዶሮ ማነቂያ ፈርሶ ልጆቹ ሁሉ የተበታተኑበትን ወሬ በሌላ ቀን እጽፍልሃለሁ፣ አሁን ስሜቱ የለኝም።

አንድ ነገር አድርግልኝ ቀዮ። ቅዳሜ ሥራ ከሌለህ መኪናህን አቁምና ግቢው ግባ፣ ሜዳቸውን አይተህ ፎቶ ላክልኝ፣ የ1971ን ነገር የሆነ ቦታ ለጥፈውት እንደሆነም እይልኝ፣ ለአባትየው እሁድ አሳያቸዋለሁ ብያለሁ። ካናቴራዋን ታጥባ ደርቃለች፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ታኬታው 42 ነው።

ያው በረኛህ